ጎማ ባላት ቤት ላይ የተተከለ አንቴና

አንቴና ከሩቅ ጎትቶ የሚያመጣው ነገር የለም። ምስሉም ድምፁም ቀድሞውኑ በአየሩ ውስጥ ናቸው፤ በቆርቆሮው ጣሪያ፣ በጤፉ ማሳ፣ በደጃፍ በተኛው ውሻ ላይ ሳይመርጡ ያልፋሉ። አንቴና የሚያውቀው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ፊቱን ማዞር። ፊቱን ያዞረለትን ይሰማል፤ ጀርባውን የሰጠው ያልፈዋል። ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ውስጥ ተቀምጬ የሰው ፊት ሳይ ስለምውል፣ ስለ ሰው ልጅ ያለኝ እምነትም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አንባቢያን ሆይ፣ የአዲስ አበባን ጣሪያዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ ያያችሁ እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከተማዋ በጣሪያዋ ላይ የዓሣ አጥንት የመሰለ አልሙኒየም እያበቀለች መጣች። በእኛ ሰፈር በሳሪስ የነበሩት ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዩ ነበር፤ የማሠራጫው ማማ ወዳለበት ወደ ፉሪ ተራራ። ጠዋት ጠዋት ጤዛው ሲያብለጨልጭባቸው ሰፈሩ በሙሉ ለፉሪ የሚሰግድ ይመስለኝ ነበር። የሀብታሙም የድሀውም ጣሪያ፣ የታረቀውም የተጣላውም ጎረቤት አቅጣጫው አንድ ነበር።

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ እነዚያ አይደለም። ፉሪን ማየት ስለማትችል፣ መሠረት ስለሌላት፣ በምትኩ ጎማ ስላላት ቤት አንቴና ነው። ቤቲቱ የአባቴ ማደሪያ ነበረች።

አባቴ የግሬደር ኦፕሬተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ከተጀመረ በኋላ አገሪቱ ያረጁ መንገዶቿን በሰፊው ስትጠግን፣ እርሱ ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ከጣርማ በር ቁልቁለት ሥር ይሠራ ነበር። ጣርማ በርን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። መኪናው ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ ይገባና ሲወጣ ሌላ አገር ይጠብቀዋል። ደጋው እዚያ ያበቃል፤ ጉም ከገደሉ ሥር እንደ ወተት እየገነፈለ ሽቅብ ይወጣል፤ መንገዱም እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ክረምት በገባ ቁጥር ናዳ መንገዱን ይዘጋል፤ ናዳ በዘጋ ቁጥር ማሽንና ማሽን ነጂ ይፈለጋል። ሌላው ሠራተኛ ለክረምት ወደ ቤቱ ሲሰናበት አባቴ ይቀር የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያድርባት ቤት በትንሽ ተሳቢ ላይ የተሠራች ነበረች። ርዝመቷ 4 ሜትር፣ ወርዷ 2 ሜትር ያህል፤ ግድግዳዋም ጣሪያዋም አልሙኒየም የለበሰ፤ ሁለት ጎማ፣ ከፊቷ መጎተቻ ብረት፣ ሁለት ትናንሽ መስኮት፣ ታጣፊ ጠረጴዛ፣ አንድ ጠባብ አልጋ። በሌላው ዓለም ሰዎች እንዲህ ያለችውን ቤት ከመኪናቸው ኋላ አስረው ለሽርሽር ይወጡባታል፤ ሐይቅ ዳር አቁመው ያርፉባታል። በእኛ አገር መንገድ ሥራ ላይ ግን የእረፍት ሳይሆን የድካም ቤት ነበረች። መንገዱ ወደፊት በገፋ ቁጥር እርሷም ከኋላው ትከተላለች።

በ1992 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አባቴ በአንድ ሾፌር እጅ ብጣሽ ወረቀት ላከ። ከመርካቶ አንድ የቴሌቪዥን አንቴና፣ 20 ሜትር የአንቴና ገመድና እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፉ አራት ቡሎኖች እንዲገዙለት ይጠይቃል። በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ፣ ባለ 14 ኢንች ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ወደ ሌላ ካምፕ ከተዛወረ ባልደረባው በርካሽ ገዝቶ ኖሯል። እናቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ጎማ ባለው ቤት ላይ አንቴና የሚተክል ሰው» አለች፤ «ለመክረም ሳይሆን ለመኖር ያሰበ ሰው ነው።»

ንግግሩ ከባዶ አልመጣም። በሰፈራችን «የመንገድ ሠራተኛ በየሄደበት ጎጆ ይቀልሳል» የሚል ወሬ ነበር። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ቡና በተፈላ ቁጥር ግን ስሙ ሳይጠራ አባቴ ይነሣ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አባቴ ስለ ራሱ የሚወራውን አልሰማም፤ እናቴ ግን ሰምታለች። አላለቀሰችም፣ አልተጣላችም። ወደ መርካቶ ሄዳ አንቴናውን ገዛች። ነሐሴ ሲገባም አንቴናውን ከእኔ ጋር ላከችው።

የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ለጎረቤት «አየር ትቀይር ብዬ ነው» አለች። ለእኔ ግን የልብስ ሻንጣዬን እየቆለፈች ቀስ ብላ፣ «ዓይንሽን ክፈቺ። ስንት ሰሃን እንዳለ ቁጠሪ» አለችኝ። ነገሩ በሙሉ ባይገባኝም የተሰጠኝ አደራ ከባድ መሆኑን ከድምፅዋ አውቄዋለሁ። አንቴናውን በካርቶን ተጠቅልሎ በጭኔ ላይ ይዤ፣ ያንን ሁሉ መንገድ ሰሃን የምቆጥርበትን ቅጽበት እየፈራሁ ተጓዝኩ።

አንድ ሰሃን፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ማንኪያ ነበር። ለእኔ ሁለተኛ ሰሃን ከካምፑ ዘበኛ ተዋሰልኝ።

አንቴናውን የተከልነው በማግስቱ ነው። መጀመሪያ ‹ከቤት ውስጥ ቢቀመጥስ?› የሚል ጥያቄ ተነሣ። አባቴ ለምን እንደማይሆን ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ አስረዳኝ። የአልሙኒየም ግድግዳ ለቴሌቪዥን ሞገድ እንደ መስተዋት ነው፤ የመጣውን መልሶ ይወረውረዋል። በብረት ቤት ውስጥ የተቀመጠ አንቴና በጆሮው ጥጥ እንደጠቀጠቀ ሰው ነው፤ በመስኮት ሾልኮ የገባች ጭላንጭል ካልሆነች የሚሰማው የለውም።

መካኒኩ ጣሪያውን በስተን እናቁመው የሚል ሐሳብ አቀረበ። አባቴ እጁን በጣሪያው ጠርዝ ላይ አሳርፎ ጥቂት ዝም አለና «በክረምት የተበሳ ጣሪያ በበጋም አይረሳም» አለ። ስለዚህ ምሰሶው ከጣሪያው ላይ ሳይሆን ከፊት ካለው ከመጎተቻው ብረት ላይ እንዲቆም ተወሰነ። ይህ ሁለት ጥቅም ነበረው። አንደኛ፣ ቤቲቱ አትቆስልም። ሁለተኛ፣ የመንቀሳቀሻው ቀን ሲመጣ ምሰሶው ተፈትቶ ይወርዳል፤ ቡሎኑ ይላላል እንጂ የሚፈርስ ነገር የለም።

ምሰሶው ሁለት የውሃ ቧንቧ ነበር፤ ቀጭኑ በወፍራሙ ውስጥ ይገባል፤ ሲቀጠሉ 6 ሜትር ያህል ይሆናሉ። ወፍራሙ በእነዚያ በታጠፉት ቡሎኖች ከመጎተቻው ጋር ተጠፈረ። ቀጭኑ በውስጡ እንዲሽከረከር ልቅ ተተወ፤ አቅጣጫው ሲገኝ በአንድ ቡሎን ይጠበቃል። ከዚያ ሦስት የሽቦ አውታሮች ከምሰሶው አንገት ወርደው በሦስት ካስማዎች ላይ ተወጠሩ። በአራቱም የቤቲቱ ማዕዘን ሥር ድንጋይ ተደገፈ፤ አለበለዚያ ሰው ሲገባና ሲወጣ ቤቲቱ በጎማዋ ላይ ትወዛወዛለች፤ ከታች አንድ ጣት ያህል የተነቃነቀው ደግሞ ከላይ አንድ ክንድ ይሆናል።

ቀጥሎ መብረቁ ታሰበ። ጎማ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ በጎማ ላይ የቆመች ቤት ከመሬት ጋር አትነካካም። አባቴ ረጅም የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሮ በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከምሰሶው ጋር አገናኘው። ይህን አደረገ ማለት ግን መብረቅ ይፈራናል ማለት አይደለም፤ ነጎድጓድ ሲጀምር ገመዱን ከቴሌቪዥኑ መንቀል የእኔ ሥራ ሆነ። በመጨረሻ ገመዱን በመስኮቱ ላስቲክ በኩል ከማስገባቱ በፊት ከቀዳዳው ዝቅ አድርጎ እንደ ትልቅ የጆሮ ጉትቻ አንጠለጠለው። «ለምን?» አልኩት። «ውሃ ገመድ ተከትሎ ይወርዳል፤ ሽቅብ ግን አይወጣም። እዚህ ታች ሲደርስ ይንጠባጠብና ቤታችን ሳይገባ ይቀራል» አለኝ። ‹ቤታችን› ማለቱን ያኔ ልብ ብዬዋለሁ። ለእናቴ እነግራት ወይስ አልነግራት እያልኩም አስቤበታለሁ።

ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። እኔ ከውስጥ በቴሌቪዥኑ ፊት፣ እርሱ ከውጭ ምሰሶውን ይዞ።

«አሁንስ?»

«ምንም!»

«አሁንስ?»

«ድምፅ መጣ!»

«አሁንስ?»

«ሄደ!»

ማሠራጫው ከገደሉ ወዲያ በስተ ምዕራብ ነበርና አንቴናውም ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ቆመ። ተራራው ግን ቀጥ ብሎ ተገትሮብናል። ለሁለት ቀን ያገኘነው፣ ጉንዳን እንደ ወረረው እህል የሚርመሰመስ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብና የማያልቅ ሽሽታ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ አባቴ ደክሞት ምሰሶውን ሊያወርድ ሲያሽከረክረው፣ አንቴናው ፊቱን ከተራራው ፈጽሞ አዙሮ ሸለቆውን ተሻግሮ ወደቆመው ራቁት ገደል ተመለከተ። በዚያች ቅጽበት የአንዲት ዜና አንባቢ ፊት ከጉም እንደሚወጣ ሁሉ ብቅ አለ።

«መጣች! አባዬ፣ አትንካው! መጣች!»

መካኒኩ ከውጭ ሲስቅ ይሰማኛል። «ጋሼ፣ እኮ ለማሠራጫው ጀርባዎን ሰጡት!»

ነገሩ ተአምር አልነበረም። ሞገዱ ከተራራው ጫፍ በላይ አልፎ ማዶ ካለው ገደል ጋር ይላተምና፣ የእረኛ ድምፅ እንደሚመለስ ወደ እኛ ይመለስ ነበር። ተራራው የከለከለንን ገደሉ ሰጠን። ስጦታው ግን ነውር አልባ አልነበረም። ከአንድ በላይ የገደል ፊት ስለነበረ ያው ምስል በተለያየ መንገድ፣ በተለያየ ጊዜ ይደርስ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው በስተቀኙ አንድ የገረጣ መንታ ነበረው። በኋላ እንደተረዳሁት መንታው የመንገዱ መለኪያ ነው። ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 300 ሜትር ዙሮ የመጣ ምስል በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይዘገያል፤ በዚያች በባለ 14 ኢንቿ መስኮት ላይ ይህ መዘግየት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ይታያል። ዙሮ የመጣ ሁሉ ምን ያህል እንደዞረ በፊቱ ላይ ተጽፎ ይደርሳል።

ያ የዓሣ አጥንት መሳይ አንቴና ያጊ-ኡዳ ተብሎ እንደሚጠራ ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። የተማርኩት ሒሳብ አያያዝ ቢሆንም ቤተ መጻሕፍት ሰውን በትምህርት ክፍሉ አያግድም። የሠሩት በጃፓን ሴንዳይ፣ በቶሆኩ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1926 ሺንታሮ ኡዳና መምህሩ ሂዴትሱጉ ያጊ ናቸው። ከዘንጎቹ መካከል ከገመዱ ጋር የሚያያዘው አንዱ ብቻ ነው፤ ርዝመቱም የሞገዱ እኩሌታ ያህል ነው። ለምሳሌ በ200 ሜጋኸርዝ ለሚሠራጭ ጣቢያ ሞገዱ 1.5 ሜትር ስለሚሆን ዘንጉ 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከኋላው ጥቂት የሚረዝም ዘንግ ይቆማል፤ የመጣውን ወደፊት ይመልሳል። ከፊቱ ጥቂት የሚያጥሩ ዘንጎች ይደረደራሉ፤ የሚመጣውን እየተቀባበሉ ወደ እርሱ ይመሩታል። እነዚህ ሁሉ ከገመዱ ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። አንዱ እንዲሰማ ሌሎቹ ዝም ብለው ይቆሙለታል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ስለ ቤተሰብ የተጻፈ መስሎኝ ነበር።

የፈጠራው ታሪክ ደግሞ ከዚያ ገደል ጋር ይመሳሰላል። በገዛ አገሩ ብዙ አልተደነቀም ነበር፤ በባሕር ማዶ ግን መሐንዲሶች ተቀበሉት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1942 ጃፓኖች ሲንጋፖርን ሲይዙ ከእንግሊዞች የራዳር ማስታወሻዎች መካከል ‹ያጊ› የሚል ቃል ደጋግሞ ተጽፎ አገኙ። ትርጉሙ ጠፋቸውና የተማረከውን እንግሊዛዊ ጠየቁት። እርሱም ቃሉ የጃፓናዊ ሊቅ ስም መሆኑን ነገራቸው ተብሎ ይተረካል። የገዛ ሰዋቸው ስም ከጠላት ገደል ተላትሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው።

ወደ ተሳቢዋ ቤት ልመለስ። የካምፑ ጄኔሬተር ማታ ማታ ለሦስት ሰዓት ያህል ይሠራል። አባቴ ከሥራ ሲመለስ እጁንና ፊቱን ይታጠባል፤ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳል። መጀመሪያ እንግዳ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ማንም አልመጣም። ለዜና ነበር የሚለብሰው። አልጋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥና የዜናው መግቢያ ሙዚቃ ሲጀምር «እናትሽም አሁን ይህንኑ እያየች ነው» ይላል። በየምሽቱ፣ በዚያው ቃል። ስለ እህል ዋጋ ሲወራ «ሰምታለች» ይላል። ዝናብ ስለጎዳው ሰፈር ሲነገር «ትሰጋለች» ይላል። ለስልክ ከተማ ድረስ ወርዶ መሰለፍ ነበረበት፤ ደብዳቤ መኪና ይጠብቃል። ያቺ የግማሽ ሰዓት ዜና ግን ሳሪስ ላለችው እናቴና ጣርማ በር ሥር ላለው አባቴ እኩል ትደርስ ነበር። እርሱ አብረው የሚያመሹ ይመስለው ነበር።

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ትምህርቴ ከመስቀል በኋላ ስለነበር አልተመለስኩም። ሲድኒ ላይ መሽቷል፤ እኛ ዘንድ ቀትር ነው። ጄኔሬተሩ በቀን ስለማይሠራ ቴሌቪዥኑ በባትሪ ተነሣ፤ በመስኮቱና በበሩ በኩል ወደ ሃያ የሚጠጋ ሠራተኛ ተደራርቦ ቆመ። የወንዶች የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ነበር፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ፖል ቴርጋት። ዙሩ እየቀነሰ ሲሄድ ባትሪው ደከመ፤ ምስሉ ከአራቱም ዳር እየጠበበ ወደ መሐል ተሰበሰበ። አንድ ረዳት ሮጦ ከማሽኑ ላይ ሌላ ባትሪ ነቅሎ አመጣ። ሽቦው ሲቀየር ለጥቂት ሰከንድ ጨለመ፤ ማንም አልተነፈሰም። ምስሉ ሲመለስ ቴርጋት በመጨረሻው ዙር አፈትልኮ ወጥቶ ነበር፤ ኃይሌም ይከተለዋል። ከእያንዳንዳቸው ጎን ደግሞ የገደሉ መንታ ይሮጣል። መስመሩ ላይ የደረሱት ሁለት ሳይሆኑ አራት ነበሩ። ማን እንደቀደመ ያወቅነው ከምስሉ ሳይሆን ከተናጋሪው ጩኸት ነው። ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ ነበር፤ በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች የ100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ እንኳ በ0.12 ሰከንድ ተለያይተዋል። አሰፋ መዝገቡ ሦስተኛ ሲወጣ ቤቲቱ ከተደገፈችበት ድንጋይ ላይ እስክትነቃነቅ ድረስ ተጨፈረ። አባቴ ብቻ እንደተቀመጠ ነበር። «አሁን እልል እያለች ነው» አለኝ፤ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሣ።

ለመስቀል ተመለስኩ። እናቴ እስክትታጠብልኝ፣ እስክትመግበኝ ድረስ ምንም አልጠየቀችኝም። ማታ ብቻችንን ስንሆን፣

«ስንት ሰሃን አለ?» አለችኝ።

«አንድ። ለእኔ ተዋሰልኝ።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ቀጥሎ የሸሚዙን፣ ‹እናትሽም ይህንኑ እያየች ነው› የሚለውን ሁሉ ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እርሷ ግን የጋቢዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች ብዙ ቆየች። በመጨረሻ፣

«እርሱ አገሩን ያያል፤ እርሱን ማን ያያል?» አለች።

ከዚህ በኋላ ባነበብኩት የአንቴና መጽሐፍ ሁሉ ውስጥ ከዚህ ጥያቄ የጠለቀ አላገኘሁም። የአባቴ አንቴና ጆሮ ብቻ ነበር፤ አፍ አልነበረውም። ይቀበላል፣ አይልክም። እርሱ በየምሽቱ ከእኛ ጋር ያመሽ ነበር፤ እኛ ግን ከእርሱ ጋር አናመሽም ነበር። ፊትን ወደ ወደዱት ማዞር ፍቅር ነው፤ ግን የፍቅር እኩሌታ ነው። የተመለከቱት ሰው መታየቱን ካላወቀ ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የሚለው ተረት ሥራውን ይሠራል። እናቴ በወሬው የታመመችው አባቴ ስላልወደዳት አልነበረም፤ መውደዱ ስላልደረሳት ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት በእኔ እጅ ደብዳቤ አጻፈች። አጭር ነበር። «አንቴናህ መልካም ነው አሉ። አንተም ላክ» ይላል። አባቴ ከዚያ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ በሾፌር እጅ ወረቀት ይልክ ጀመር፤ አብዛኛው ስለ ናዳና ስለ ዝናብ ነው። እናቴም ሁለት ሰዓት ላይ ሽንኩርት መክተፏን ትታ ዜና ፊት ትቀመጥ ጀመር። ይህ ሁሉ የቀረውን አላካካሰም። እኔ ስምንተኛ ክፍል ስፈተን አባቴ ወሎ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ ደግሞ ማሽን ላይ ነበር። ወሬው ግን ከቤታችን ወጣ፤ ተመልሶም አልገባም።

ዛሬ የዓሣ አጥንቶቹ ከከተማችን ጣሪያ ላይ ጠፍተዋል ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ሳህኖች ተተኩባቸው፤ ብዙዎቹ በስተ ምዕራብ ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ናይልሳት ያዘነበሉ ነበሩ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. አካባቢ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደተባለው አገልግሎት ሲሸጋገሩ፣ ሳህኖቹ ቀና ብለው ወደ ምሥራቅ፣ 57 ዲግሪ ላይ ወዳለው ሳተላይት ዞሩ። ከባንኩ ፎቅ ሆኜ የሰፈሩ ጣሪያዎች በወራት ውስጥ አንገታቸውን ሲያዞሩ ተመልክቻለሁ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ነጠብጣብ የለውም፣ መንታ የለውም። ሲጠፋም ፈጽሞ ይጠፋል። ‹ትንሽ ወደ ግራ› የሚባልበት ዕድል ያነሰ ነው።

የአባቴ ጆሮ ግን እንደ ድሮው ቴሌቪዥን ቀስ በቀስ ነው የሚጠፋው። ለሰላሳ ዓመት ያህል የሞተር ጩኸት አጠገብ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭን ድምፆችን ነው። ከቃላት ውስጥ ‹ሰ›፣ ‹ፈ›፣ ‹ተ› ይሟሙበታል፤ የሴትና የሕፃን ድምፅ ይርቀዋል፤ ንግግር ይሰማል፣ ቃሉን አይለየውም። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ያኔ የሚቀበልና የማይልክ ነበር፤ ዛሬ እንደ ልቡ ይናገራል፣ የሚቀበለው ግን አነሰ። ልጆቼ ‹አባባ› ብለው ሲጠሩት ፈገግ ብሎ ወደተሳሳተው ልጅ ይዞራል።

ታዲያ እኔ የዚያን ክረምት ሥራዬን ቀጥያለሁ። ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ፤ ከንፈሬን እንዲያይ ብርሃኑን በእኔ ፊት ላይ አደርጋለሁ፤ አልጮህም፤ ጩኸት ቀጭኑን ድምፅ ይበልጥ ያቀጥነዋል። ድምፄን ወፈር፣ ንግግሬን ዘግየት አደርጋለሁ። የተለየ ወንበር አለው፤ ከግራ ጆሮው በኩል ግድግዳ እንዲሆን አድርገን ነው ያስቀመጥንለት፤ የተላተመ ድምፅም ቢሆን ይጠቅመዋል። ወር በገባ ጡረታቸውን ሊወስዱ ወደ መስኮቴ ለሚመጡ አረጋውያንም እንዲሁ አደርጋለሁ። ከመስታወቱ ወዲያ ‹እ? እ?› ሲሉኝ ጎንበስ እላለሁ፤ ሰልፉ ይጠብቃል።

አንድ ምሽት በሥራ ላይ ከተረፈ የደረሰኝ ወረቀት ጀርባ ላይ የሚከተለውን ጽፌ ነበር፤ ከጻፍኳቸው መካከል ለአባቴ ድምፄን አወፍሬ ያነበብኩለት ይህ ብቻ ነው።

ቀጥታ እንዳይመጣ ጋራ ቢመልሰው፣
ድምፅህን እኔ ዘንድ ገደል አደረሰው፤
የናፈቀ ሰው መች መንገድ ያማርጥና፣
በጀርባም ቢመጣ ደስ ይላል የቤት ዜና።

ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ሁለተኛውን ጊዜ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ግራ ጆሮውን ወደ እኔ መልሶ ነበር ያዳመጠው።

ተሳቢዋ ቤት የት እንደደረሰች አላውቅም፤ ከመንገዱ ጋር ወደፊት ገፍታለች። የምሰሶው ቀጭን ቧንቧ ግን አባቴ ጡረታ ሲወጣ ከዕቃው ጋር አብሮ መጣ። ግቢያችን ውስጥ ተተክሏል፤ ከእርሱ እስከ አጥሩ ገመድ ተወጥሮበታል። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የአባቴን ሸሚዞች ታሰጣበታለች።